ምድር የጻፈችው ታሪክ፤ ስለ ደብረ ታቦርና ስለ ደቡብ ጎንደር ደጋ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)

ታሪክ የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ነገሥታት ዘመን፣ ስለ ጦርነትና ስለ ከተሞች መቆርቆር ነው። ይህ ማሰባችን ስሕተት አይደለም። ሆኖም ነገሥታቱ የነገሡባት፣ ሠራዊቱ የተሰለፈባት፣ ከተማውም የተቆረቆረባት ምድር የራሷ ታሪክ አላት። የእርሷ ታሪክ በብራና ላይ በቀለም ሳይሆን በቋጥኝ፣ በገደል፣ በወንዝና በአፈር ተጽፏል። ማንበቡን የተማረ ሰው ያነበዋል፤ ያልተማረው ግን ሳያውቀው ሲረግጠው ይኖራል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ይህ ታሪክ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ የመሬት መንቀጥቀጥም በውስጡ ምን ስፍራ እንዳለው፣ እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ከዚህ ምን ልንማር እንደሚገባን ነው።

ወደዚህ ነገር እንድመለከት ያደረገኝ አንድ ትንሽ ጉዳይ ነው። በሥራ ምክንያት ወደ ደጋው በወጣሁበት ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ በግድግዳው ላይ ዐረፈ። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ነበረ። የመዝገብ ቤቱን ጸሐፊ ምክንያቱን ብጠይቀው «ቤቱ የተሠራው በመረሬ አፈር ላይ ስለሆነ ነው» አለኝ። ዘበኛው ደግሞ «የለም፣ የጭነት መኪና በደጁ ሲያልፍ ስለሚያናውጠው ነው» አለ። በዕድሜ የገፉ አንድ ሌላ ሠራተኛ ግን «አይደለም፤ ምድር ተንቀጥቅጣ ነው፤ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ» አሉ። መቼ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ዘመኑን የሚያስታውስ አልተገኘም። በዚያ መሥሪያ ቤት የወንበሩና የጠረጴዛው ቁጥር፣ የሠራተኛው የዕረፍት ቀን፣ የወጣውና የገባው ደብዳቤ ሁሉ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ይገኛል። ግድግዳው የተሰነጠቀበት ቀን ግን በአንድም መዝገብ አልተጻፈም። ከሦስቱ ሰዎች እውነተኛው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ለማወቅ አልተቻለም፤ የማይቻለውም ስላልተጻፈ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የዚህን አገር አቀማመጥ ለመረዳት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ በደብረ ታቦር ላይ ቢቆም ይጠቀማል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲመለከቱ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ወደ ምዕራብ ሲዞሩ ደግሞ ምድሩ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ሄዶ ከፎገራ ሜዳ ይደርሳል፤ ከሜዳው ወዲያ የጣና ሐይቅ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይገኛል። ከደብረ ታቦር እስከ ሐይቁ ዳር በቀጥታ ቢለካ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ምድሩ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው።

ጉና የውሃ አባት ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ወገን ተነሥተው በፎገራ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን ወደ በሽሎ ይሄዳል። በጣና በኩል የሄደውም፣ በበሽሎ በኩል የዞረውም በመጨረሻ በዓባይ ይገናኛል። አባቶቻችን ይህን አገር በሚገባ ስለ ተመለከቱት ስሙን ከጠባዩ አውጥተዋል። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በሚሄደው መንገድ ላይ ክምር ድንጋይ የምትባል ከተማ አለች፤ ቀጥሎ ነፋስ መውጫ ትገኛለች። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ አምባ፣ አፋፍ፣ እርከን፣ ገደል እያልን የምንጠራውም ሁሉ ሕዝባችን የምድርን መልክ ለይቶ ያወቀ መሆኑን ያስረዳል። የቀረን ነገር ምድሩ ይህን መልክ እንዴት እንዳገኘ ማወቅ ነው።

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዛሬው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ታላቅ የእሳት ጎርፍ ወጣ። ይህ እሳት እንደ ዛሬው እሳተ ገሞራ ከአንድ ተራራ ጫፍ ብቻ የወጣ አልነበረም። ምድር በረጃጅም ስንጥቅ እየተከፈተች የቀለጠ ድንጋይ እንደ ውሃ ፈስሶ ሜዳውን ሸፈነው። የመጀመሪያው ሲበርድ ሁለተኛው በላዩ ፈሰሰ፤ በሁለተኛውም ላይ ሦስተኛው ተነጠፈ። እንዲህ እየተደራረበ በአንዳንድ ስፍራ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት አገኘ። በጣም የሚያስደንቀው የዚህ ድርብርብ አብዛኛው ክፍል በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የተጠናቀቀ መሆኑ ነው። አንድ ሚሊዮን ዓመት ለሰው ልጅ ዕድሜ የማይታሰብ ቢሆንም ለምድር ግን አጭር ጊዜ ነው። በደብረ ታቦር ቤት የሚሠራበት ጥቁር ድንጋይ፣ ሊቃውንቱ ባዛልት የሚሉት፣ የዚያ ዘመን ጎርፍና ከእርሱ በኋላ የመጡት ጎርፎች ትቢያ ሆነው ያልቀሩ ምስክሮች ናቸው።

በአንዱ ጎርፍና በሚቀጥለው መካከል ጊዜ ያልፍ ስለ ነበረ የእሳተ ገሞራ አመድ ይዘንብ፣ አፈርም ይበቅል ነበር። ስለዚህ በጠንካራው ድንጋይ መካከል ለስላሳ የሆነ አመድና ቀይ አፈር ተነጥፎ ይገኛል። ዝናብና ወንዝ ለስላሳውን ሲሸረሽሩት ያፈገፍጋል፤ ጠንካራው ድንጋይ ግን ተገትሮ ይቀራል። በጋይንት ወይም በስማዳ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ለእርሻ የሚሆን ጠፍጣፋ እርከን፣ ከእርከኑ በታች እንደ ገና ገደል የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ገደሉ ጠንካራው ድንጋይ ነው፤ ገበሬው የሚያርሰው እርከን ደግሞ ለስላሳው ንጣፍ የተሸረሸረበት ቦታ ነው።

ከዚህ ታላቅ ጎርፍ ብዙ ዘመን በኋላ ጉና ተነሣ። ጉና የተሠራው ከ10 እስከ 11 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። መልኩ እንደ ተደፋ ጋሻ መካከሉ ከፍ ያለ፣ ዳርና ዳሩ ቀስ እያለ የሚወርድ ስለሆነ ሊቃውንቱ ከጋሻ መሰል እሳተ ገሞራዎች ወገን ይቆጥሩታል። የስሜን ተራራ 30 ሚሊዮን፣ የጎጃሙ ጮቄ ደግሞ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ስላላቸው ጉና ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ታናሽ ወንድማቸው ነው።

እሳቱ ምድሩን ከፍ ሲያደርገው ሌላ ኃይል ደግሞ ይሰነጥቀው ነበር። የምድር ቅርፊት በሁለት ወገን ሲሳብ መካከሉ ይሰምጣል፤ ይህም ስምጥ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የታተመ አንድ የሊቃውንት ጥናት ጣና ያለበት ጎድጓዳ ስፍራ የሦስት ጥንታውያን ስምጦች መገናኛ መሆኑን ገልጿል። አንደኛው የድንግል በር፣ ሁለተኛው የጎንደር፣ ሦስተኛውም የደብረ ታቦር ስምጥ ይባላል። የድንግል በሩ ስምጥ በኋላ በፈሰሰው ድንጋይ ተቀብሯል። የጎንደሩ በዝናብና በወንዝ ተሸርሽሮ እንደ ገና ተገልጧል። የደብረ ታቦሩ ግን ከረጅም ዕረፍት በኋላ እንደ ገና የተንቀሳቀሰ መሆኑን ጥናቱ ያስረዳል። «እንደ ገና ተንቀሳቀሰ» ሲባል በምድር አቆጣጠር ስለሆነ ትናንት ወይም ዛሬ ማለት አይደለም። ነገር ግን ደብረ ታቦር የቆመችበት አገር ከፍጥረቱ ጀምሮ ጸጥ ያለ ቋጥኝ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው በቂ መልስ ይሆናል።

የጣናም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋቱ ጋር ሲተያይ ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በደቡብ በኩል የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ግድብ ሆኖ ውሃውን አግቶታል። ዓባይም ከዚህ ድንጋይ ላይ ተወርውሮ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አስገኘ። ይህ ሐይቅ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናብ በጎደለበት ዘመን፣ ደርቆ እንደ ነበረ ከወለሉ በተቆፈረው ጭቃ ውስጥ የተገኘው ማስረጃ አሳይቷል። ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ስፍራ በዚያን ጊዜ ረግረግና ደረቅ ምድር ነበረ። በደራ ወረዳ ሕዝቡ ለፈውስ የሚሄድበት የዋንዛዬ ፍል ውሃም ከምድር በታች ያለው ሙቀት ገና ያልበረደ፣ ውሃውንም ወደ ላይ የሚያወጣ ስንጥቅ ያለ መሆኑን በየቀኑ ይመሰክራል።

አሁን ደግሞ የሰው ታሪክ በዚህ ምድር ላይ እንዴት እንደ ተራመደ እንይ። ደብረ ታቦርን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ ተቀመጡባት፤ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው አደረጓት። በከተማይቱ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞች መድፍ እንዲያቀልጡ አደረጉ፤ ሴባስቶፖል የተባለውም ታላቁ መድፍ በዚያ ተሠራ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበረ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ ያን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። በካርታ ላይ ሲታይ መንገዱ ቀላል ይመስላል፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን በዚህ መካከል ያ ከላይ የተናገርነው የድንጋይ ደረጃ አለ። ከጋይንት ወደ ጨጨሆ ወጥተው፣ በቤተ ሖር አልፈው፣ ወደ ጅዳ ሸለቆ አንድ ሺህ ሜትር ያህል መውረድ፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ወደ ደላንታ መውጣት ነበረባቸው። ከደላንታ ደግሞ ወደ በሽሎ ያንኑ የሚያህል ገደል ወርደው እንደ ገና ወደ መቅደላ መውጣት ነበረባቸው። ይህን ሁሉ 70 ኩንታል የሚመዝን ነሐስ ይዞ ማለፍ የሚቻለው ምድሩን ሲያውቁት ብቻ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ሲጎትቱ፣ ሌሎቹ ከፊት ቋጥኝ እየፈነቀሉ መንገድ ሲሠሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሰዎቻቸው ጋር በእጃቸው ይሠሩ እንደ ነበረ የዘመኑ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ጉዞውም ስድስት ወር ያህል ፈጀ። መንገዱ ገደሉን በግንባር አልገጠመውም፤ ከእርከን ወደ እርከን እየተጠማዘዘ ወረደ። ከምድሩ ጋር አልተጣላም፤ ጠባዩን ተከተለ።

በዚያው ዓመት ከዙላ ተነሥቶ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከቤተ ሖር ጀምሮ በዚሁ በቴዎድሮስ መንገድ ነበር ወደ ጅዳ የወረደው። ከጦሩ ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ነበረ። ብላንፎርድ በመንገዱ ያየውን ድንጋይ ሁሉ እየመዘገበ ሄደ፤ የታችኛውን የባዛልት ድርብርብ በአሸንጌ ሐይቅ፣ የላይኛውን ደግሞ በመቅደላ አምባ ስም ሰየመው። ይህንንም ባሳተመው መጽሐፍ ሲገልጽ «ትራፕ» የሚለውን የሊቃውንት ቃል ተጠቀመ፤ ቃሉ ከስዊድን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ደረጃ ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው ያወቁትን ደረጃ ብላንፎርድ በብዕሩ ጻፈው። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኞች ስለዚያ ድንጋይ የሚያውቁት ከእንግሊዛዊው የሚያንስ አልነበረም፤ ነገር ግን እነርሱ ያወቁት ከእነርሱ ጋር ሞተ፤ እርሱ የጻፈው ግን ዛሬም ይጠቀሳል።

እንግዲህ የመሬት መንቀጥቀጥን ነገር እንመልከት። ምድር የምትንቀጠቀጠው በውስጧ ያለው ድንጋይ ለብዙ ዘመን ሲሳብና ሲጨነቅ ቆይቶ በድንገት ሲሰበር ወይም በጥንቱ ስብራት ላይ ሲንሸራተት ነው። በአገራችን ይህ ኃይል በብዛት የሚሠራው በታላቁ ስምጥ ሸለቆና በአፋር ነው። በዚያ በኩል የምድር ቅርፊት በየዓመቱ በሚሊ ሜትር በሚቆጠር መጠን እየተራራቀ ይሄዳል። የደጋው ምድር በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር የሚቆረጥበት አፋፍ በወልድያ አካባቢ ሲሆን ከደብረ ታቦር 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ደብረ ታቦር ከዋናው የመንቀጥቀጥ ቀበቶ ውጭ ናት። ይህን በግልጽ መናገራችን አንባቢ ያለ ምክንያት እንዳይሸበር ነው።

ሆኖም ርቀት ብቻውን ዋስትና አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ የተነሣ እጅግ ታላቅ መንቀጥቀጥ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ዋና ከተማ አፍርሶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። ይህም የሆነው ከተማይቱ በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ የተሠራች ስለ ነበረች፣ ለስላሳውም ጭቃ ንውጥውጡን ስላበዛው ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ የሚነሣው መንቀጥቀጥ የሜክሲኮውን ያህል ኃይል ያለው አይደለም። ግን ትምህርቱ አንድ ነው፤ በጉና ቋጥኝ ላይ የቆመ ቤትና በፎገራ ደለል ላይ የቆመ ቤት በአንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ እኩል አይናወጡም።

በአገራችን የሆነውን በአጭሩ እንቁጠር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1704 በጎንደር የደረሰው መንቀጥቀጥ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ላይ ጉዳት ማድረሱ ይነገራል። በ1835 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጨረሻ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር ተናውጣ የተራራው ጎን ተንዶ ቤት አፍርሷል፤ ሰውም ፈጅቷል። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የተነሣው ታላቅ መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ በኃይል ተሰምቷል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር ካራቆሬ ተጎዳች፣ ማጀቴ ፈረሰች፣ የደሴውም መንገድ ተሰነጣጠቀ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ፈርሳ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ ምድር በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተከፍታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራራቀች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ ለወራት ያህል ምድር ስትናወጥ ቆይታ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከመኖሪያው ተነሥቷል፤ በአዲስ አበባም ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ወደ ውጭ እየወጡ አድረዋል።

ይህን ዝርዝር በጥንቃቄ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጎንደር የተመዘገበችው የነገሥታት ከተማ ስለ ነበረች ነው። አንኮበርም የንጉሥ ከተማ በመሆኗና በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡ የውጭ ሰዎች ስለ ጻፉላት ነው። ካራቆሬና ሰርዶ በታላላቅ መንገዶች ላይ ነበሩ። እንግዲህ መንቀጥቀጡ የተመዘገበው ምድር በተንቀጠቀጠችበት ሁሉ ሳይሆን ጸሐፊ በነበረበት ቦታ ነው። ደብረ ታቦርን ራሷን እንውሰድ። በ1834 ዓ.ም. በየካቲት ገደማ ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር ተዋጉ። ድል ያደረጉት ደጃዝማች ውቤ ሲሆኑ በድል ማግሥት ግብር ላይ ሳሉ ተያዙ፤ ይህን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። አንኮበር የፈረሰችው ከዚያ አሥር ወር ያህል ቆይቶ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? በዚያ አሥር ወርና በነዚያ አሥርተ ዓመታት ውስጥ በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ ምድር አንድ ጊዜ ብትናወጥ ማን ይጽፈው ነበር? የመዝገቡ ዝምታ የምድር ዝምታ ነው ብለን ለመደምደም አንችልም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት እጅግ የደከሙት አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ መምህር ናቸው። እርሳቸው በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ የዓለም ሊቃውንት የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው በሰየሙት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሬት ጠባይ መከታተያ ጣቢያ አቋቋሙ። ከመሣሪያው ሥራ ሌላ ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ደብዳቤ፣ ቴሌግራሙንና ጋዜጣውን ሁሉ እየመረመሩ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሆነውን መንቀጥቀጥ አሰባሰቡ። ሥራቸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ያ ጣቢያ አድጎ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ሆኗል። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የተጠቀሙበት አንዱ ማስረጃ አንድ ያልታወቀ ጸሐፊ ከመቶ ዓመት በፊት «ዛሬ ምድር ተናወጠች» ብሎ የተዋት አንዲት መስመር ነበረች። ያ ጸሐፊ መስመሯን ሲጽፍ መሐንዲስ ይጠቀምባታል ብሎ አላሰበም ይሆናል። ነገር ግን አገር የሕንፃ ደንብ ስታወጣ፣ አገሪቱንም በአደጋው መጠን በቀጠና ስትከፋፍል፣ ያች መስመር ከሌሎች ጋር ተደምራ ትቆጠራለች።

አሁን ወደዚያ ግድግዳ እንመለስ። ሦስቱም ሰዎች የሰጡት ምክንያት ሊሆን የሚችል ነው። መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራውን ቤት በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በክረምት ይጠባል፣ በበጋ ይሰፋል። የዳገት መንሸራተት ያመጣው ስንጥቅ ደግሞ በግድግዳው ብቻ ሳይወሰን በግቢው መሬት ላይም ይታያል፤ ከዓመት ዓመትም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ይህ ነገር የሚናቅ አይደለም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ፣ ምድር ሳትንቀጠቀጥ በዝናብ ብቻ የተናደ ዳገት ከ200 በላይ ሰዎች ቀብሯል። በደቡብ ጎንደርም አመዱና ቀይ አፈሩ በቋጥኙ ሥር ያለ በመሆኑ በክረምት ውሃ ሲጠግብ በላዩ ያለው ሊንሸራተት ይችላል። የመንቀጥቀጥ ስንጥቅ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የሚደርስ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ቀኑን የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

የሚጻፈውም ከባድ አይደለም። ምድር በተናወጠች ጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ፣ የተንጠለጠለ መብራት ተወዛውዞ እንደ ሆነ፣ በእንስራ ያለ ውሃ ፈስሶ እንደ ሆነ፣ የተኛ ሰው ነቅቶ እንደ ሆነ፣ የትኛው ግድግዳ እንደ ተሰነጠቀና ከምን እንደ ተሠራ መጻፍ ነው። በዓለም ያሉ ሊቃውንት የመንቀጥቀጥን ብርታት 12 ደረጃ ባለው የመርካሊ ሚዛን የሚመዝኑት እንዲህ ባለ ምስክርነት ነው። መሣሪያ የመንቀጥቀጡን ኃይል ይለካል፤ በደብረ ታቦር በአንድ ሰፈር ምን እንዳደረገ ግን በዚያ ሰፈር ያለ ሰው ካልጻፈ መሣሪያው አይናገርም። ይህ ጽሑፍ በሁለት ግልባጭ ተደርጎ አንዱ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ለዩኒቨርሲቲው ተቋም ይላክ።

ከዚህም ጋር፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የሚሠራበትን ቦታ የመምረጥ፣ የሥራውንም ወረቀት የመፈረም ሥልጣን ያላችሁ አንባብያን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ። ከሥሩ ቋጥኝ ነው ወይስ መረሬ? በላዩ ያለው ዳገት ምንድን ነው? በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲናወጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ ማዕዘኑ ተያይዟልን? ላዩስ በማሰሪያ ታስሯልን? እነዚህን መጠየቅ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ የተሰጠው ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ከባድ መድፍ ጅዳንና በሽሎን ያሻገሩት ደረጃውን አውቀው፣ እርከኑን ተከትለው ነው። እኛም የምንሠራው ቤትና መንገድ ጸንቶ የሚቆመው እንዲሁ ምድሩን ስናውቅ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ ጉና ለ10 ሚሊዮን ዓመት ቆሟል፤ እኛ ከመዝገባችን ፊት የምንቀመጠው ጥቂት ዓመት ነው። በነዚያ ጥቂት ዓመታት ምድር አንድ ቀን ልትናወጥ ትችላለች፤ ወይም ምንም ላይሆን ይችላል። ቢሆን ግን ያን ቀን ሳይጽፍ ያለፈ ሠራተኛ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው፣ እንደዚያ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ በስንጥቁ ፊት ቆሞ በግምት እንዲከራከር ይተወዋል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላል የአገራችን ምሳሌ። ነገ ወደ ሥራችሁ ስትገቡ የመሥሪያ ቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱ፤ ስንጥቅ ካለ ከጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት።